«ሰነፍ» የሚባለው ልጅ፦ ቁጥር የሚከብዳቸውን ሕፃናት ስለ መረዳትና ስለ መደገፍ

በቋንቋችን «ሰነፍ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። በአንድ በኩል ሥራ የማይወደውን፣ ድካም የሚሸሸውን ሰው እንጠራበታለን፤ በሌላ በኩል ደግሞ በትምህርቱ ዝቅተኛ ውጤት የሚያገኘውን ልጅ «ሰነፍ ተማሪ» እንለዋለን። ጥሩ ውጤት ያመጣው በአንጻሩ «ጎበዝ» ይባላል። በዚህ ምክንያት «ልጁ ትምህርቱ ከበደው» ማለትና «ልጁ መሥራት አይፈልግም» ማለት በአነጋገራችን አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ ልጁም ፈተና በወደቀ ቁጥር ያልተሳካለት ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛም ሆኖ ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከታቸው የምንወደው ይህ የቃል መደባለቅ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳቸውን ሕፃናት ነው። እነዚህ ልጆች ተረት ሲነገራቸው በቃላቸው ይይዛሉ፤ ሲጠየቁ በማስተዋል ይመልሳሉ፤ ብዙዎቹ ንባብም አይቸግራቸውም። ነገር ግን ቁጥር ሲመጣ እንደ ጠፋበት መንገደኛ ግራ ይጋባሉ። ትናንት ያጠኑት ዛሬ ከአእምሮአቸው ይጠፋል፤ ጓደኞቻቸው ባንዴ የሚያዩትን እነርሱ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ወላጅ ይቆጣል፤ መምህር ይታክታል፤ ልጁም ውሎ አድሮ «እኔ ደደብ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ዋና ሐሳባችንም ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ቁጣና የበዛ ሽምደዳ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ቁጥርን በዓይኑ እንዲያይና በእጁ እንዲዳስስ የሚያደርግ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ነው።

1. ቃሉ ምን ማለት ነው?

ይህ ችግር በሊቃውንት ዘንድ «ዲስካልኩሊያ» ይባላል። ቃሉ ከሁለት ቋንቋዎች የተውጣጣ ነው። «ዲስ» በግሪክኛ መክፋትን ወይም መቸገርን ያመለክታል፤ የቀረው ክፍል ማስላት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የተወሰደ ሲሆን፣ የግሱ ምንጭ «ካልኩሉስ» ማለትም ትንሽ ጠጠር የሚለው ቃል ነው። የጥንት ሮማውያን ሒሳባቸውን በጠጠር ይሠሩ ነበርና። የዚህን ጠጠር ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ስለ መፍትሔው ስንናገር እንመለስበታለንና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ሳሎሞን ሄንሼን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በአንጎላቸው ላይ ጉዳት ደርሶ የማስላት ችሎታቸውን ያጡ ሰዎችን አጥንቶ ለሁኔታው ስም አወጣለት። ይሁን እንጂ ምንም አደጋ ሳይደርስባቸው ገና ከልጅነታቸው ቁጥር የሚከብዳቸው ልጆች ጉዳይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በቼኮስሎቫኪያ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የነበረው ላዲስላቭ ኮሽች ችግሩ በጠቅላላው የማሰብ ችሎታ ላይ ጉድለት ሳይኖር በሒሳብ ችሎታ ላይ ብቻ የሚታይ መሆኑን፣ መነሻውም አንጎል ከተፈጥሮው ከሚሠራበት መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎችና የጤና ሁኔታዎች መዘርዝር ውስጥ ይህንኑ ችግር ከዕድገት ጋር ከተያያዙ የመማር እክሎች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው ለሚለው ጥያቄ ልዩ ልዩ ጥናቶች ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ መልስ ይሰጣሉ። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1996 በእስራኤል ታትሞ የወጣ ጥናት ከ3,029 ተማሪዎች መካከል 6.5 በመቶው ይህ ችግር ያለባቸው እንደሆኑ ገምቷል። በጥናቱ በቅርብ ከተመረመሩት 140 ልጆች 75ቱ ሴቶች፣ 65ቱ ወንዶች ነበሩ፤ ይኸውም «ሴት ልጅ ሒሳብ አይገባትም» ለሚለው የቆየ አባባል ድጋፍ የሚሰጥ አይደለም። ከእነዚሁ ልጆች 17 በመቶው የንባብ ችግርም ነበረባቸው፤ 26 በመቶው ደግሞ ትኩረታቸውን ሰብስበው ለመቆየት የመቸገር ምልክት ታይቶባቸዋል። እንግዲህ 50 ልጆች በተሰበሰቡበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች ቢኖሩ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደንቀው ሳናውቃቸው መቅረታችን ነው።

2. የብዛት ስሜት

ቁጥር መማር የሚጀምረው በትምህርት ቤት ደጃፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ካረን ዊን የተባለች ተመራማሪ የ5 ወር ሕፃናትን በሚከተለው መንገድ ፈትናለች። አንድ አሻንጉሊት ለሕፃኑ ይታያል፤ ከዚያ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ሕፃኑ እያየ ሁለተኛ አሻንጉሊት ከመጋረጃው ጀርባ ይጨመራል። መጋረጃው ሲወርድ ሁለት አሻንጉሊት መታየት ሲገባው አንድ ብቻ ከታየ ሕፃናቱ ረዘም ላለ ጊዜ አትኩረው ያዩ ነበር። ገና ያልተናገሩ ሕፃናት እንኳ ጥቂት ነገሮችን በሚመለከት ብዛትን የሚለዩበት ስሜት እንዳላቸው ተመራማሪዋ ከዚህ ተረድታለች።

እኛም ይህን ስሜት በየዕለቱ እንሠራበታለን። ገበያ ወጥተን ቲማቲም ወይም ሎሚ በመደብ ተደርድሮ ስናይ፣ መደቡ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ከሆነ ሳንቆጥር እናውቀዋለን። ዓይናችን አርፎበት ወዲያው «አራት» ይላል። ከአራት በላይ ሲሆን ግን መቁጠር ወይም በቡድን መክፈል ግድ ይሆንብናል። በአንጎል ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዛትን በመገመትና በማነጻጸር ረገድ ከፍ ያለ ድርሻ ያለው ከጭንቅላታችን ከፍ ብሎ በስተኋላ በኩል፣ በቀኝና በግራ የሚገኝ የአንጎል ክፍል ነው። ዲስካልኩሊያ ባለባቸው ልጆች ይህ ክፍል ለቁጥር የሚሰጠው ምላሽ ከሌሎች ልጆች የተለየ ሆኖ በአንዳንድ ጥናቶች ተገኝቷል። ችግሩ በቤተሰብ ውስጥም ይተላለፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ችግሩ ካለባቸው ልጆች እኅቶችና ወንድሞች ግማሽ ያህሉ ያው ችግር እንዳለባቸው አመልክቷል። ልጁን «እንደ አባትህ ሒሳብ አይገባህም» ብሎ የሚዘልፍ ሰው እንግዲህ ሳያውቀው የተናገረው ስለ ተፈጥሮ እንጂ ስለ ስንፍና አይደለም።

ነገሩን ከውስጥ ለመረዳት የሚከተለውን ልምምድ እንሞክር። ከእንግዲህ ቁጥር የለም፤ በቁጥር ፋንታ ያለን የፊደል ተራ ብቻ ነው እንበል። ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት እያለ ይቀጥላል። አሁን «ሐ ሲደመር መ ስንት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ምን እናደርጋለን? ፊደሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሆኖም መልሱ ሰ መሆኑን ለማግኘት በጣታችን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልን መቁጠር ይኖርብናል። «በ ሲቀነስ ረ» ብንባልስ? መልሱ መ ነው፤ ግን እዚያ እስክንደርስ ምን ያህል ደከምን! በዚህ መካከል አንድ ሰው በላያችን ቆሞ «ቶሎ በል! ይህ እንዴት ይጠፋሃል?» ቢለን የያዝነውም ያመልጠናል። ዲስካልኩሊያ ያለበት ልጅ በየዕለቱ የሚኖረው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። «ሰባት» ለእርሱ በቃል የተያዘ ስም ነው፤ ከስድስት ቀጥሎ ይጠራል፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከዐሥር በምን ያህል እንደሚያንስ ግን ስሙ ራሱ አይነግረውም።

3. ምልክቶቹ

ምልክቶቹ እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያሉ። ሁሉም በአንድ ልጅ ላይ አይታዩም፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ በማየትም ፍርድ መስጠት አይገባም።

ሀ) ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፦ መቁጠር ከእኩዮቹ ዘግይቶ ይለምዳል፤ እየቆጠረ ይዘላል ወይም አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ «ሦስት ሲኒ አምጣ» ሲባል ያገኘውን ያህል ይዞ ይመጣል።

ለ) በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት፦ እኩዮቹ 3 ሲደመር 4 በቃላቸው ሲያውቁ እርሱ ሁልጊዜ ከአንድ ጀምሮ በጣቱ ይቆጥራል። ከ8 እና ከ9 የትኛው ይበልጣል ሲባል ያመነታል። ወደ ኋላ መቁጠር በጣም ይከብደዋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችን ያለዋውጣል።

ሐ) ከፍ ባሉት ክፍሎች፦ የማባዣ ሠንጠረዥ ደጋግሞ ቢያጠናውም አይጸናለትም። በአንድ ቤት፣ በዐሥር ቤትና በመቶ ቤት ያለውን ልዩነት ያደናግራል። ያገኘው መልስ ፈጽሞ የማይሆን ቢሆንም፣ ለምሳሌ 20 ብር ከያዘ ሰው ላይ 6 ብር ተቀንሶ 26 ብር ቢመጣበት፣ አይታወቀውም። የገንዘብ መልስ ማስላት፣ ሰዓት ማንበብና ለጉዞ የሚበቃውን ጊዜ መገመትም ይቸግረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ፍርሃት አብሮ ያድጋል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን የሚያመው፣ ደብተሩን የሚደብቅ፣ ወይም ክፍሉን በቀልድና በረብሻ የሚያውክ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ውርደትን የሚሸሽ ልጅ ነው። ፍርሃቱም በራሱ ሌላ ዕንቅፋት ይሆናል፤ የተጨነቀ አእምሮ በማስላት ላይ ሳለ የያዛቸውን ቁጥሮች ይጥላልና።

4. ሒሳብ የከበደው ሁሉ ይህ ችግር አለበትን?

አይደለም፤ በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በረኃብ ወደ ክፍል የሚገባ፣ ሰሌዳው በደንብ የማይታየው፣ ጆሮው የሚቸገር፣ በሕመም ወይም በመፈናቀል ምክንያት ብዙ ጊዜ ከትምህርት የቀረ፣ ወይም በማይገባው ቋንቋ የሚማር ልጅም ሒሳብ ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይኑና ጆሮው ይታይለት፤ የቀረበት ትምህርት ካለም ይካካስለት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው ችግሩ አለ ለማለት ልጁ ለችግሩ የተለየ እርዳታ እየተሰጠው እንኳ ምልክቶቹ ቢያንስ ለ6 ወራት ሳይለቁት የቆዩ መሆን አለባቸው።

በየአካባቢያችን መርምሮ የሚወስን ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠና መምህር በአቅራቢያ ካለ ማማከር ይገባል። ነገር ግን የባለሙያ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ከዚህ በታች የምናቀርበው እርዳታ ችግሩ ያለበትን ልጅ ይደግፋል፤ የሌለበትንም አይጎዳውም።

5. በእኛ ዘንድ የሚጨመረው ሸክም

እንዲህ ያለ ልጅ በየትም አገር ቢሆን ይቸገራል። በኢትዮጵያ ግን ሌላው ልጅ ሳያስበው የሚሻገራቸው፣ እርሱን ግን የሚያሰናክሉት አንዳንድ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ጠዋት እናቱ «አንድ ሰዓት ሆነ፤ ተነሣ» ስትለው በስልኩ ላይ የሚነበበው 7፡00 ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት ሌሎች ልጆች በልምድ ይይዙታል፤ ለእርሱ ግን በየጊዜው አዲስ ስሌት ነው። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ይሆናል፤ ባለ 13 ወር አቆጣጠር ከባለ 12 ወሩ ጎን ለጎን ይሠራበታል።

ሁለተኛው የቁጥር ስምና አጻጻፍ ነው። በአማርኛ «ዐሥራ አራት» ስንል ዐሥሩን አስቀድመን አራቱን እናስከትላለን፤ አጻጻፉም 14 እንዲሁ ነው። ይህ ለልጆች ትልቅ እርዳታ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ መማር ሲጀምር ግን «ፎርቲን» ላይ አራቱ ይቀድማል፤ «ፎርቲ» ከሚለው ጋርም በጆሮ ይመሳሰልበታል። በአማርኛ የጨበጠው ነገር በዚያን ጊዜ ዳግመኛ ሊናጋ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ስሕተት አለ። «መቶ ሃያ አምስት ጻፍ» ሲባል 100205 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ያጋጥማል። ክፍሉ ይስቅበታል። ነገር ግን በግዕዝ አኃዝ ይኸው ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ እናስተውል፦ ፻፳፭። መቶውም፣ ሃያውም፣ አምስቱም በየራሳቸው ምልክት በተነገሩበት ተራ ይሰፍራሉ፤ ዜሮ የለም፤ አኃዙ ባለበት ቦታ ምክንያት ዋጋው አይለወጥም። ልጁ የሠራው ይህንኑ ነው፤ የሰማውን በሰማበት ተራ ጻፈ። ያልጨበጠው በ125 ውስጥ 2 ሃያ የሚሆነው በቆመበት ቤት ምክንያት መሆኑን ነው። እንግዲህ ስሕተቱ የራሱ የሆነ አሳብ አለው፤ መምህሩም አሳቡን ካየ የሚያርመውን ያውቃል።

6. ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ጠጠሩ እንመለስ። የሰው ልጅ ማስላትን የተማረው በእጁ ነው፤ የቃሉም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ጀሮም ብሩነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው ዕውቀት በሦስት ደረጃ ይሄዳል፦ በመጀመሪያ በሥራና በመዳሰስ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት። ብዙ ጊዜ እኛ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ለማያየው ልጅ 7 + 5 ብለን በሰሌዳ እንጽፍለታለን።

ሀ) በቤት

ዐሥር የባቄላ ፍሬ እንቁጠርና በጠረጴዛ ላይ እናኑር። ልጁ ዐሥር መሆናቸውን ራሱ ይቁጠር። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን፤ ጥቂቱን በእጃችን እንሸፍንና «ስንት ተሸፈነ?» እንበለው። ስድስት ከታየው አራት ተሸፍኗል ማለት ነው። ሲሳሳት እጃችንን አንሥተን ራሱ እንዲያይ እናድርግ፤ «ተሳሳትህ» ማለት አያስፈልግም፤ ባቄላው ይነግረዋል። በዐሥር ከመጀመራችን በፊት በአምስት ልንለማመድ እንችላለን። በቀን ዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ መጫወት በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጥናት ይሻላል።

ዐሥር ዐሥር ስንደዶ ወይም ጭራሮ በክር አስረን እንስጠው። «ዐሥራ አራት» ማለት አንድ እስርና አራት ነጠላ መሆኑን በእጁ ይይዘዋል። ከ32 ላይ 7 ለመቀነስ ነጠላው ሲያንሰው አንዱን እስር ፈትቶ ይጨምርበታል፤ በሰሌዳ ላይ «መበደር» የሚባለው ምሥጢር በዚያን ጊዜ ይገለጥለታል። የገበጣ ጨዋታም ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው፤ ልጁ ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ በአንድ ሲያድል የትኛው ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ መገመት ይለምዳል።

ገበያ ሲወጣ እየመራነው በእውነተኛ ገንዘብ ይግዛ፤ መልሱን ለመቁጠር ጊዜ ይሰጠው። ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ የቤተሰቡ አባላት ተስማምተው አንዱን አቆጣጠር ብቻ አስቀድመው ያስተምሩት፤ ያ ሳይጸና ሌላው አይጨመርበት።

ለ) በትምህርት ቤት

ወላጅ መምህሩን ቀርቦ ቢያነጋግር ጥሩ ነው። ወቀሳ ይዞ ሳይሆን ልመና ይዞ ይሂድ፤ 60 እና 70 ልጅ የሚያስተምር ሰው ሸክሙ ቀላል አይደለምና። የሚከተሉትን ግን ያለ ብዙ ወጪ ማድረግ ይቻላል፦ ልጁ ሳይዘጋጅ ወደ ሰሌዳ አይጠራ፤ ከ20 ጥያቄ ይልቅ 6 ይሰጠውና በርጋታ ይሥራ፤ የቤት ተራው እንዳይዛነፍ በካሬ የተሠመረ ደብተር ይጠቀም፤ የማባዣ ሠንጠረዡን ከፊቱ አድርጎ እንዲሠራ ይፈቀድለት፤ በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ደቂቃ ያግኝ። ከሁሉም በላይ «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ ሲሳሳትም ሲያገኘውም።

በጣት መቁጠር ሊከለከል አይገባም። ጣት ተፈጥሮ የሰጠችን የመጀመሪያ ጠጠር ነው። የተሻለ መንገድ ሲያገኝ ልጁ ራሱ ይተወዋል።

ስለ ኩርኩምና ስለ ማንበርከክ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? ዱላ የሚያስፈራ እንጂ የሚያስቆጥር አይደለም። ፍርሃት ደግሞ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ልጁ በአእምሮው የያዘውን ቁጥር ያስጥለዋል።

ሐ) በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል

ካቴኪስቶች ሒሳብ አናስተምርም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በክፍላቸው ቁጥር ምን ያህል እንደሚበዛ ያስተውሉ፤ ምዕራፍና ቁጥር፣ የመዝሙር ቁጥር፣ የትእዛዛት ተራ፣ የወሩ ቀን። ጥቅስ ፈጥኖ የማውጣት ውድድር ለብዙዎች ደስ ያሰኛል፤ ዲስካልኩሊያ ላለበት ልጅ ግን በወንድሞቹና በእኅቶቹ ፊት የሚዋረድበት ሰዓት ነው። ውድድሩን ሁለት ሁለት ሆነው ቢያደርጉት፣ ምዕራፉና ቁጥሩ በሰሌዳ ቢጻፍ፣ ገጹ ላይ አስቀድሞ ክር ቢገባበት ምን ይጎድላል? «ስድስተኛው ትእዛዝ የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ ትእዛዙ ምን እንደሚል፣ በኑሮአችንም ምን እንደሚጠይቀን ብንጠይቀው የልጁ ማስተዋል ይታያል። ተራውን ስላላወቀ ብቻ ልጅን ከመጀመሪያ ቁርባን ዝግጅት ወደ ኋላ ማስቀረት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የምንመዝነው ልቡንና መረዳቱን እንጂ ቁጥሩን አይደለምና።

በእጃችን ያለ አንድ መሣሪያም አለ፤ ስሙ ራሱ መቁጠሪያ ነው። ዐሥር ትንንሽ ፍሬ፣ ከዚያ ተለይቶ የቆመ አንድ ፍሬ፣ እንዲህ እያለ አምስት ጊዜ ዐሥር ይዞራል። ልጁ ዐሥርን በጣቱ ይዳስሳል፤ ሁለት ዐሥር ሃያ፣ አምስት ዐሥር ሃምሳ መሆኑን ሳያስበው ይለምዳል። ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት አለበት፦ መቁጠሪያ የያዘ ሰው ቁጥሩን በአእምሮው እንዲይዝ አይገደድም፤ ፍሬው ይይዝለታልና ልቡ በጸሎቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማንም ሰው በመቁጠሪያ የሚጸልየውን «ሰነፍ» አይለውም። በጣቱና በጠጠሩ የሚቆጥረውን ልጅስ ለምን እንለዋለን?

7. በመጨረሻ ስለ ቃላችን

ዲስካልኩሊያ እንደ ጉንፋን የሚለቅ ነገር አይደለም። ብዙዎች ካደጉ በኋላም ስልክ ቁጥር ሲይዙና ገንዘብ ሲቆጥሩ ከሌላው ይልቅ ይጠነቀቃሉ። ሆኖም በትክክለኛው መንገድ የተረዳ ልጅ ይሻሻላል፤ ለኑሮው የሚበቃውን ሒሳብ ይይዛል፤ በቋንቋ፣ በእጅ ሥራ፣ በዜማ፣ ሰውን በመርዳት ያለው ተሰጥኦም ይወጣል። ሳይረዳ የቀረው ደግሞ ከሒሳቡ ይልቅ የሚጎዳው በተሰጠው ስም ነው። ሒሳብ አልገባኝም ብሎ የጀመረ ልጅ ምንም አይገባኝም ብሎ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ይችላል፤ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ያንን ስም የሚፍቅለት አይኖርም።

ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ለእውነተኛው ስንፍና እንተወው። ለዚህ ልጅ «እስካሁን አልጨበጥከውም፤ በሌላ መንገድ እንሞክር» እንበለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለም? የእንቁላሉ መሄድ ግን የሚታቀፈው ካገኘ ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በቤታችንና በቁምስናችን ልጆችን «ሰነፍ» የምንለው መቼ መቼ ነው? ከቃሉ ሁለት ትርጉሞች የትኛውን አስበን ነው?

2. ከላይ የቀረበውን የፊደል ስሌት ሁለት ሁለት ሆነን እንሞክረው። አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ ይሁን፤ ጠያቂው አንድ ጊዜ በትዕግሥት፣ ሌላ ጊዜ እያጣደፈ ይጠይቅ። መላሹ ምን ተሰማው?

3. በትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ቁጥር የሚከብደውን ልጅ የሚያሳፍር ልማድ አለ ወይ? በምን እንተካዋለን?

4. በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸውን ወላጆች ሳናሳፍር እንዴት ልንቀርባቸው እንችላለን?